ሱፐርቫይዘሬ አማርኛ አይሰሙም፤ የቤተሰብ ቴራፒ ሠልጣኝ ኃላፊነቷ እስከ ምን ድረስ ነው?

የፌርፋክስ ተማሪ ጻፈች፦

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት። በካሊፎርኒያ በትዳርና በቤተሰብ ቴራፒ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን እየተከታተልኩ ነው። ዘንድሮ ትምህርቱን ከተግባር ልምምድ ጋር አጣምረን የምንማርበት ዓመት ስለሆነ፣ በሎስ አንጀለስ በአንድ የማኅበረሰብ ክሊኒክ ተመድቤ ባለትዳሮችንና ቤተሰቦችን ማነጋገር ጀምሬያለሁ። በክሊኒኩ አማርኛ የምችለው እኔ ብቻ በመሆኔ፣ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ በመጣ ቁጥር ፋይሉ የሚቀመጠው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን እንቅልፍ የሚነሡኝ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው፣ ሱፐርቫይዘሬ አማርኛ አይሰሙም። በየሳምንቱ ተገናኝተን ስለ ሥራዬ ስንነጋገር የሚያውቁት እኔ የነገርኳቸውን ብቻ ነው። የክፍል ጓደኞቼ የተቀረጸ ቪዲዮ ከፍተው «እዚህ ጋ ለምን ዝም አልሽ?» እየተባሉ ሲታረሙ፣ እኔ ቪዲዮዬን ብከፍት የሚታየው የሰዎቹ ፊት እንጂ የተባለው ነገር አይደለም። ሁለተኛው፣ የሚመጡት ቤተሰቦች ከእኔ የሚጠብቁት ፍርድ ነው፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ቁርጡን እንድነግራቸው ይፈልጋሉ፤ የአባቴና የእናቴ እኩዮች የሆኑት ደግሞ «ልጄ» ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ እሺ ከማለት ሌላ ቃል አይወጣኝም። ሦስተኛው፣ ከተማው ቢሰፋም እኛ ጥቂት ነን። ቅዳሜ በፌርፋክስ ጎዳና በኢትዮጵያውያኑ ሰፈር እንጀራ ስገዛ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም፣ በሳምንቱ መካከል ያለቀሱ ዓይኖች ቀና ብለው ያዩኛል።

ስለ የትኛውም ቤተሰብ ዝርዝር እዚህ አልጽፍም። የምጠይቀው ስለ ራሴ ግዴታ ነው፤ በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ብትመልሱልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ሱፐርቫይዘር ከኦክላንድ ጻፈች፦

እኅቴ፣ የሰው ገመና ሳታወጪ ስለ ራስሽ መጠየቅሽ ብቻ የዚህን ሙያ ግማሽ እንደገባሽ ይነግረኛል። ላይሰንስ ካገኘሁ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሠልጣኞችን ስከታተል ቆይቻለሁና፣ ከመጀመሪያው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ሁለቱ የሚፈቱት እሱ ሲፈታ ነው ብዬ ስለማምን።

የግዛቱን ሕግ ታውቂዋለሽ፤ ለሌሎች አንባቢዎች ግን ባጭሩ ላስቀምጠው። ዲግሪውን ለማግኘት ቢያንስ 225 ሰዓት የተግባር ልምምድ ይጠየቃል፤ ከዚህም ቢያንስ 150ው ሰዎችን ፊት ለፊት በማማከር የሚያልፍ ነው። ለላይሰንስ የሚያስፈልገው በድምሩ 3,000 ሰዓት ሲሆን ከ104 ሳምንት ባነሰ ጊዜ ሊያልቅ አይችልም፤ ከምረቃ በፊት የተሠራው ደግሞ ከ1,300 ሰዓት በላይ አይቆጠርም። ሠልጣኝ በአማካይ ለየ5 ሰዓት የማማከር ሥራ 1 ሰዓት ለብቻ ወይም 2 ሰዓት በቡድን ከሱፐርቫይዘር ጋር መገናኘት አለበት። ብዙ ተማሪዎች እነዚህን ቁጥሮች እንደ ዕዳ ይቆጥሯቸዋል፤ የሳምንቱን መዝገብ ሞልተው፣ አስፈርመው፣ ከዕዳው የተወሰነውን ከፍለው ያደሩ ይመስላቸዋል። እኔ ግን የቁጥሮቹን ትርጉም የማየው በሌላ በኩል ነው። አንቺ የምትሠሪው በሌላ ሰው ላይሰንስ ጥላ ሥር ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ለተናገርሽው ቃል አብሮሽ የሚጠየቅ፣ ግን በክፍሉ ያልነበረ ሰው አለ። ስለዚህ የሠልጣኝ ቀዳሚ ግዴታ ብልኅ ምክር መስጠት ሳይሆን ሥራዋን እንዲታይ አድርጋ ማቅረብ ነው፤ ያማረውንም፣ ያላማረውንም።

ሙያው ሲቋቋምም እንዲሁ ነበር። ከቤተሰብ ቴራፒ ፈር ቀዳጆች አንዱ የነበረው ሳልቫዶር ሚኑቺንና ባልደረቦቹ በፊላደልፊያ ሲያሠለጥኑ፣ ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስታወት ጀርባ ተቀምጠው ሠልጣኙን በዓይናቸው እያዩ፣ ሲያስፈልግም ወደ ክፍሉ ስልክ እየደወሉ ያርሙ ነበር። ለአንቺ ግን ቋንቋው መስታወቱን ጋርዶታል፤ መጋረጃውን ለመግለጥ የምትችለው ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ።

የደረሰብኝን ልንገርሽ፤ የምጠቅሰው የራሴን ቃል ብቻ ነው። ተማሪ ሳለሁ አንድ ባልና ሚስት ተመደቡልኝ። ሱፐርቫይዘሬ አማርኛ ስለማይሰሙ በየሳምንቱ ከቅጂው ላይ ጥቂት ደቂቃ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሜ እወስድላቸው ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ሚዛንሽን ጠብቀሻል፤ ሁለቱንም እኩል ትጠይቂያለሽ» አሉኝ። ሚስትየው ግን ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ መልሷ እያጠረ ሄደ። በአራተኛው ሳምንት ትርጉሙ ስላልሆነልኝ፣ መጀመሪያ አማርኛውን እንዳለ በፊደል ልገልብጠውና ከሥሩ ልተርጉም ብዬ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው መስመር «እርስዎስ ያን ጊዜ ምን ተሰማዎት?» ይላል፤ ሁለተኛው «አንቺስ?» ይላል። ቀጥዬ ጻፍኩ፤ «እርስዎ እንዳሉት» እና «ቆይ፣ እሳቸው ይጨርሱ»። ወረቀቱ እስኪያልቅ ድረስ ባልየው እርስዎ፣ ሚስትየው አንቺ ነበሩ። ሰውየው በዕድሜ ስለሚበልጡ አፌ የለመደውን አደረገ። በእንግሊዝኛ ግን ሁለቱም አንድ ቃል ናቸውና፣ ገና ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማዳላቴ በትርጉሙ ውስጥ ተውጦ ቀርቷል። ሱፐርቫይዘሬን ያታለልኳቸው አውቄ አይደለም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ መታለላቸው ግን እውነት ነው።

ወረቀቱን ይዤ ሄድኩና እያንዳንዱን ቃል በጣቴ እያሳየሁ አስረዳኋቸው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለቱንም «እንዴት ብዬ ብጠራችሁ ትወዳላችሁ? እስካሁን ሳልጠይቃችሁ ቀርቻለሁ» አልኳቸው። ሚስትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

ስለዚህ ምክሬ የሚከተለው ነው። በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ ያህል ቅጂ በአማርኛ ፊደል ቃል በቃል ገልብጪ፤ ከሥሩ ሳታሳምሪ ተርጉሚ፤ እርስዎና አንቺን፣ አንቱታን ትቶ አንተ ማለትን፣ ተረትና ምሳሌውን፣ ዝምታውንም ጭምር በማስታወሻ ግለጪ። የትኛው አሥር ደቂቃ እንደሚገለበጥ አንቺ አትምረጪ፤ ሱፐርቫይዘርሽ ይምረጡ፤ እኛ ስንመርጥ ያማረብንን ነውና የምንመርጠው። ለመቅረጽ ደግሞ በክፍሉ ያሉ ሁሉ መፍቀድ አለባቸው፤ የካሊፎርኒያ ሕግ ምስጢራዊ ንግግር ያለ ሁሉም ተናጋሪዎች ፈቃድ እንዳይቀረጽ ይከለክላል። ትምህርት ቤትሽም አማርኛ የሚችል ላይሰንስ ያለው አማካሪ በተጨማሪ እንዲፈልግልሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ይህን መጠየቅ የድክመት ምልክት ተደርጎ እንዳይታይብሽ አትፍሪ፤ ከሙያ ግዴታዎችሽ አንዱ ነው።

የሽምግልና ሰው ጻፉ፦

ልጆቼ፣ ንግግራችሁ ልብ ይነካልና አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ብዙ ትዳር ፊት ተቀምጬአለሁ፤ ታርቆ የሄደም አለ፣ የፈረሰም አለ። በአገራችን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመን ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ውሳኔውን ለፍርድ ቤት ሰጠው። ሰዉ ግን ዛሬም በመጀመሪያ የሚመጣው ወደ ሽማግሌ ነው። ለምን ቢባል፣ ሽማግሌ የሁለቱንም ወገን ያውቃል፤ ያጠፋውን አጥፍተሃል ይላል፤ ካሣውን ይቆርጣል፤ ይቅር አባብሎ ያሳድራል። የእናንተ ሙያ ግን የማታውቁትን ሰው ብቻ አነጋግሩ፣ ፍርድ አትስጡ ይላል። ሰውየው ከሥራ ቀርቶ፣ ገንዘብ ከፍሎ መጥቶ «እርስዎስ ምን ይመስልዎታል?» ተብሎ ሲመለስ ምን ይዞ ገባ እንበል? ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም፤ ልጃችን ፍርድ ይጠብቁብኛል ስላለች እነሱ የሚጠብቁት ከየት እንደመጣ እንድታውቅ ነው።

ሱፐርቫይዘር ከኦክላንድ ጻፈች፦

አባቴ፣ አክብረው ስለጻፉልን አመሰግናለሁ። እውነትዎን ነው፤ ቤተሰቡ የሚጠብቀውን ሳያውቅ የሚቀመጥ ሠልጣኝ ከበሩ ጀምሮ ይሳሳታል። ስለዚህ ተማሪዎቼ በመጀመሪያው ቀን «ከዚህ በፊት ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ዘንድ ሄዳችሁ ነበር? ምን ረዳችሁ? ምን ቀረ?» ብለው እንዲጠይቁ አደርጋለሁ። ሽምግልናን የሚንቅ ሠልጣኝ አልፈልግም።

ልዩነቱን ግን በአንድ ነገር ላይ ብቻ ልግለጽልዎ። ሽማግሌ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ይጀምራል። እኛ ደግሞ አንድ ላይ ከመቀጠላችን በፊት እያንዳንዳቸውን ለየብቻ እናነጋግራለን፤ በቤቱ ውስጥ ድብደባ፣ ማስፈራራት ወይም ገንዘብና ፓስፖርት መንጠቅ እንዳለ ለየብቻ እንጠይቃለን። የምትደበደብ ሴት ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ እውነቱን ብትናገር፣ የዚያን ንግግር ዋጋ የምትከፍለው ማታ ቤቷ ገብታ ነው። ተማሪዋ ይህን ጥያቄ ሳትጠይቅ «እንግዲህ ሆድ ለሆድ ተነጋገሩ» ካለች፣ በቅንነት የሠራችው ሥራ ሴትየዋን ለአደጋ ይሰጣታል። መልሱ አደጋ መኖሩን ካመለከተ ሠልጣኟ ብቻዋን አትወስንም፤ በዚያው ቀን ከሱፐርቫይዘሯ ጋር ትነጋገራለች፤ የጋራ ቀጠሮውም ሊቆም ይችላል። ፍርድ የማንሰጠውም ቤተሰቡ ባዶ እጁን እንዲሄድ አይደለም። እዚያው ፊታችን እርስ በርስ እንዲነጋገሩ እናደርጋለን፤ ቤታቸው ሲገቡ እኛ አንኖርምና፣ ይዘው የሚሄዱት ያንን የተለማመዱትን ንግግር ነው።

አምና የተመረቅኩ ጻፈ፦

ስለ ምስጢር ማንም እስካሁን አላነሣምና እኔ ላንሣው፤ ያጠፋሁትንም ሳልሸሽግ። እኔም ሠልጣኝ ሳለሁ የመጀመሪያውን ቀጠሮ የምከፍተው «እዚህ የምትነግሩኝ ከእኔ አይወጣም» በማለት ነበር። የአማርኛ ተናጋሪ ሰው ሆድ የሚከፈተው በዚህ ቃል ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ሆድ ይፍጀው ሲል የኖረን ሰው ማደፋፈር አለብኝ ብዬ። ቃሉ ግን ውሸት ነበር። በካሊፎርኒያ ሕግ የሕፃናትን ጥቃት የማሳወቅ ግዴታ ከተጣለባቸው መካከል የትዳርና የቤተሰብ ቴራፒ ሠልጣኞች በስም ተጠቅሰዋል።

አንድ ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ አንድ ነገር ሰማሁ፤ የሰማሁት ከማን እንደሆነ አልናገርም። ወዲያው ለሱፐርቫይዘሬ መልእክት ላክሁ፤ መልስ አልመጣም። ኃላፊነቴን ተወጣሁ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግሥቱ ስንገናኝ «ለእኔ መንገር ሪፖርት ማድረግ አይደለም» ሲባል ነው የተረዳሁት። ግዴታው የግል ነው፤ ለሱፐርቫይዘር በመናገር አይተላለፍም፤ ሱፐርቫይዘርም ሪፖርቱን ሊከለክል አይችልም። ጥርጣሬው ምክንያታዊ ከሆነ ለካውንቲው የሕፃናት ደኅንነት መሥሪያ ቤት ወይም ለፖሊስ ወዲያውኑ በስልክ፣ ከዚያም በ36 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። አለማሳወቅ እስከ 6 ወር እስራት ወይም እስከ 1,000 ዶላር ቅጣት ያስከትላል። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚከብደኝ ቅጣቱ አይደለም፤ ያ ልጅ በዚያች ሌሊት የት እንዳደረ ሳላውቅ እኔ ተኝቼ ማደሬ ነው።

ደግሞ በእኛ ቤተሰቦች ዘንድ ነገሩ ስስ ነው። ቁንጥጫና አርጩሜ ያሳደገው ወላጅ «መንግሥት ልጄን ይወስድብኛል» ብሎ እየፈራ ነው የሚመጣው። ሕጉ በመጠኑ የሆነን ቅጣት ሁሉ ጥቃት አይለውም፤ መርማሪ መሆን ግን የሠልጣኙ ሥራ አይደለም፤ እያጣራሁ ነው ብሎ መዘግየትም አይፈቀድለትም። የሚሻለው በመጀመሪያው ቀን፣ ማንም ምንም ከመናገሩ በፊት፣ ምስጢር የማይጠበቅበትን ሁኔታ በግልጽ አማርኛ መናገር ነው። ከዚያ በኋላ ሪፖርት ማድረግ ግድ ቢሆን እንኳ ቤተሰቡ አስቀድሞ የሰማውን ነገር ነው የሚያየው።

የሆስፒታል አስተርጓሚ ጻፈች፦

ከአስተርጓሚነት ሥራዬ ሁለት ነገር ላስታውስ። ክሊኒኩ አማርኛ ስለምትችዪ ለሌሎች ባለሙያዎችም «መጥተሽ አስተርጉሚልን» ማለቱ አይቀርም። ያንቺ ተገልጋይ በሆነ ቤተሰብ መካከል አንድ ቀን ቴራፒስት፣ አንድ ቀን አስተርጓሚ ሆነሽ ከተገኘሽ ሰዎቹ በየትኛው ጆሮሽ እንደምትሰሚያቸው አያውቁም። የስልክ አስተርጓሚ አለና እሱን ይጥሩ። ልጃቸውንም በወላጆቹ መካከል ማስተርጎም ፈጽሞ አይገባም፤ የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን ሐዘን ወደ እንግሊዝኛ እየገለበጠ እንዲያድግ ማድረግ ነው።

ሌላው፣ ቃላትን ቶሎ አትተርጉሚ። «ድብርት» ያለሽ ሰው ሁሉ ዲፕሬሽን አለበት ማለት አይደለም፤ ዝናባማ ቀንም ይደብራል። «ልቤን ይወጋኛል»፣ «ጭንቅላቴ ዞረ»፣ «ቤቱ ጠበበኝ» የሚሉትን እንዳሉ ጻፊና ምን ማለታቸው እንደሆነ ራሳቸውን ጠይቂ።

የፌርፋክስ ተማሪ ጻፈች፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት ማታ አሥር ደቂቃውን ለመገልበጥ ተቀመጥኩና ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ያገኘሁት እርስዎና አንቺን ሳይሆን ሌላ ነው፤ ሰዎቹ ሲያለቅሱ በየመካከሉ «አይዞአችሁ፣ አይዞአችሁ» እላለሁ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስምንት ጊዜ ብያለሁ። በእያንዳንዱ ጊዜ የተናገረው ሰው ዝም ይላል፤ እኔም ዝምታውን እንደ መጽናናት ቆጥሬ ወደ ሌላ ጥያቄ እሄዳለሁ። ለካስ የሚያለቅስ ሰው ማየት ያቃተኝ እኔ ነኝ። ይህንኑ ምልክት አድርጌበት ለሱፐርቫይዘሬ እወስደዋለሁ።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ከባልና ሚስት አንዱ ለብቻው ደውሎ ሌላው የማያውቀውን ምስጢር ቢነግረኝስ? በዓል ሲደርስ ድፎ ዳቦ በፎይል ጠቅልሎ የሚያመጣ ሰውስ ምን ይባላል? እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ ስድብ ነው።

ሱፐርቫይዘር ከኦክላንድ ጻፈች፦

«አይዞአችሁ»ን ማግኘትሽ ትልቅ ነገር ነው። የቤተሰብ ቴራፒ ተማሪዎች የራሳቸውን ቤተሰብ የሦስት ትውልድ ጄኖግራም፣ ማለትም የቤተሰቡን አባላትና ግንኙነታቸውን የሚያሳይ ሥዕል፣ እንዲሥሉ የሚታዘዙት ለዚህ ነው፤ ከዘርፉ ፈር ቀዳጆች አንዱ የነበረው ሙሬይ ቦወን ራሱ በ1967 እ.ኤ.አ. በባለሙያዎች ጉባኤ ፊት የገዛ ቤተሰቡን ጉዳይ አቅርቧል። በቤታችሁ የሚያለቅስን ሰው ማን ነበር ዝም የሚያሰኘው? ለእኔ አትመልሺ፤ ጄኖግራምሽ ላይ ፈልጊው።

ስለ ምስጢሩ፣ የአሜሪካ የትዳርና የቤተሰብ ቴራፒ ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ አንዱ የነገረሽን ያለ እሱ የጽሑፍ ፈቃድ ለሌላው እንዳትገልጪ ያዛል። ምስጢሩን ተሸክመሽ ከሁለቱ ጋር መቀጠል ደግሞ ከአንዱ ጋር ማበር ይሆናል። መውጫው አስቀድሞ መነጋገር ነው፤ ለብቻ የሚነገር ነገር እንዴት እንደሚያዝ ክሊኒኩ ያለውን አሠራር በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ስጪያቸው። ስልኩ ሲደወል ያንኑ አስታውሺና «ይህን በቀጠሯችን ቀን እንዴት እንደምናነሣው እንነጋገር» በይ፤ ጥሪውንም መዝግበሽ ለሱፐርቫይዘርሽ አሳውቂ።

ድፎ ዳቦውን በተመለከተ፣ ደንቡ የስጦታን ባህላዊ ትርጉም እንድናስብ ይጠይቃል እንጂ ጭፍን ክልከላ አላደረገም። ክሊኒኩ የራሱ መመሪያ ካለው ያንን ተከተዪ፤ ከሌለው ዳቦውን ተቀብለሽ ለሠራተኛው ሁሉ ቁረሺ፤ በማስታወሻሽም ጻፊው። ገንዘብ ግን በምንም መልኩ አይሆንም፤ ሠልጣኝ ከተገልጋይ እጅ ክፍያ መቀበል በሕግ የተከለከለ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትገናኙ ደግሞ ቀድመሽ ሰላም አትበዪ፤ እነሱ ሰላም ካሉሽ እንደ ማንኛውም ሰው መልሺ። ዝምታሽ ኩራት እንዳይመስላቸው ይህንንም አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

የፌርፋክስ ተማሪ ጻፈች፦

ለመጀመሪያ ቀጠሮ የማነበውን ጽሑፍ በአማርኛ አዘጋጅቻለሁ፤ ሱፐርቫይዘሬ በትርጉሙ ካጸደቁት ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እጠቀምበታለሁ። እርማታችሁን እጠብቃለሁ።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ። የምትነግሩኝን ምስጢር እጠብቃለሁ፤ ነገር ግን ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም ራሱን መንከባከብ የማይችል ሰው እየተጎዳ እንደሆነ ከጠረጠርኩ፣ ለሚመለከተው አካል መንገር ግዴታዬ ነው፤ አንዳችሁ ራሳችሁን ወይም ሌላ ሰው ለመጉዳት ካሰባችሁም ለሚመለከተው አካል ልናገር እችላለሁ። ከፈቀዳችሁ ንግግራችን ይቀረጻል፤ ባትፈቅዱም አገልግሎታችሁ አይቀርም። ሽማግሌ ስላልሆንኩ አልፈርድም። ቤተ ክርስቲያን ወይም መንገድ ላይ ስንገናኝ ቀድማችሁ ሰላም ካላላችሁኝ ሰላም አልላችሁም፤ ይህም ምስጢራችሁን ለመጠበቅ ነው። በሥልጠና ላይ ያለሁ ተማሪ ስሆን ሥራዬን ላይሰንስ ያላቸው ሱፐርቫይዘር ይከታተላሉ።»

የሽምግልና ሰው ጻፉ፦

ልጄ፣ ጥሩ አማርኛ ነው። ሁለት እርማት አለኝ። «ሽማግሌ ስላልሆንኩ አልፈርድም» የሚለው ሰዎቹን በር ላይ ያስደነግጣቸዋል፤ «የማን ጥፋት እንደሆነ ለመፍረድ ሳይሆን እርስ በርስ እንድትደማመጡ ለመርዳት ነው የተቀመጥኩት» በይው። ሁለተኛው ይበልጣል። ተማሪ መሆንሽን መጨረሻ ላይ ወስደሽ ሸጎጥሽው። ሰው እዚያ እስኪደርስ ልቡን ሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ከእንኳን ደኅና መጣችሁ ቀጥሎ አድርጊው፤ የሱፐርቫይዘርሽንም ስም ጨምሪበት፤ ቅር ያለው ሰው ማን ዘንድ እንደሚሄድ ይወቅ።

የፌርፋክስ ተማሪ ጻፈች፦

አባቴ፣ አሁኑኑ ወደ ላይ አወጣሁት።